መነጽር ለሚያደርጉ የባሕር ጭምብል፦ ከሪያድ ከመነሳትዎ በፊት

ሪያድ ባሕር የላትም። ደማም በምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጅዳ ደግሞ በምዕራብ 950 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ቢሆንም ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙ ሰው ወደ ባሕር ይጓዛል። አሠሪዎች ቤተሰባቸውን ይዘው ሲወጡ የእኛም ሰዎች አብረው ይሄዳሉ፤ ሾፌሩም፣ ልጆች የምትጠብቀዋም።

በቅርቡ እዚሁ ጉበይራ፣ የምኖርበት ሕንጻ ድረስ አንዲት እህት ወረቀት ይዛ መጣች። ሥራዬ ትርጉም ስለሆነ ሰው ወረቀት ይዞ ቢመጣ አይገርመኝም፤ ብዙ ጊዜ የሥራ ውል ወይም የኢቃማ ጉዳይ ነው። የእሷ ግን የመነጽር ማዘዣ ነበር።

አምና ጅዳ ላይ የሆነውን አጫወተችኝ። የአሠሪዎቿን ሁለት ልጆች ይዛ ውሃ ውስጥ ስትገባ፣ ማዕበል እንዳይወስድባት መነጽሯን ቦርሳዋ ውስጥ ትታው ነበር። ትልቁ ልጅ ጥቂት ሜትር ራቅ ሲል ከሌሎቹ ልጆች መለየት አቃታት። «ሁሉም ራስ አንድ ሆነብኝ» አለችኝ። ልጁ ደህና ነበር፤ እሷ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ዘንድሮ ወደ አንድ ሱቅ ሄዳ «ለባሕር የሚሆን መነጽር» ብላ ስትጠይቅ ቁጥር የሌለው ተራ የዋና መነጽር ሸጡላት። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር የጠየቃት አልነበረም።

እርስዎም በዚህ ሁኔታ ውስጥ ካሉ መጀመሪያ ሊያውቁት የሚገባው፣ የዘወትር መነጽርዎን ከጭምብሉ ሥር ማድረግ እንደማይቻል ነው። የጭምብሉ ሲሊኮን ከቆዳ ጋር ዙሪያውን መግጠም አለበት። የመነጽሩ እጀታ በጆሮ በኩል ሲያልፍ ክፍተት ይፈጥራል፤ ውሃውም በዚያ ይገባል። በዚሁ ምክንያት ፀጉር፣ ጺምና የሒጃብ ጠርዝ ከሲሊኮኑ ሥር መግባት የለባቸውም። ማሰሪያው ግን በሒጃብ ላይ ቢያልፍ ችግር የለውም።

ውሃ ውስጥ ዓይን ሲገለጥ ሁሉ ነገር የሚደበዝዘው ዓይናችን ደካማ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ጤናማ ዓይን ላለውም ያው ነው። የሰው ዓይን ብርሃንን ለማጠፍ ካለው ኃይል ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚገኘው ከፊት ባለው ግልጽ ሽፋን፣ ከኮርኒያ ነው። ይህ የሚሠራው ግን ከፊቱ አየር ሲኖር ነው። የውሃና የኮርኒያ ብርሃን የማጠፍ ጠባይ ስለሚቀራረብ ውሃ ሲነካው ኃይሉን አብዛኛውን ያጣል። ጭምብል የሚያደርገው ያንን አየር መመለስ ነው። ስለዚህ ጭምብል ውስጥ የሚያስፈልግዎት ቁጥር ያው የመነጽርዎ ቁጥር ነው፤ ለውሃ ተብሎ የሚለወጥ ሌላ ቁጥር የለም።

በጭምብል ውሃ ውስጥ ሲያዩ ነገሮች በሲሶ ያህል ተልቀው፣ በሩብ ያህል ቀርበው ይታያሉ። 4 ሜትር ላይ ያለ ዓሣ 3 ሜትር ላይ ያለ ይመስላል። ቁጥራቸው ትንሽ፣ ለምሳሌ −1 የሆነ ሰዎች «ያለ ቁጥርም አየሁ» የሚሉት ለዚህ ነው፤ ዓሣ ለማየት ብቻ ከሆነ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ይህ ጥቅም ራስዎን ከውሃ ሲያወጡ ይቀራል። ከውሃው በላይ ልጁ ባለበት ርቀት ላይ ነው፤ ደብዛዛውም ያው ደብዛዛ ነው። እኔ በበኩሌ ሰው የሚጠብቅ ሁሉ፣ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም፣ ቁጥር ያለው ጭምብል ይግዛ እላለሁ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አብዛኛው ማዘዣ በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ይጻፋል። ኦ.ዲ ቀኝ ዓይን፣ ኦ.ኤስ ግራ ዓይን ነው። ኤስ.ፒ.ኤች በሚለው ሥር ያለው ዋናው ቁጥር ሲሆን የመቀነስ ምልክት ካለው ሩቅ ለማየት ይቸገራሉ ማለት ነው። ሲ.ዋይ.ኤል የሚለው የአስቲግማቲዝም ቁጥር ነው። ተዘጋጅተው የሚሸጡ የጭምብል ሌንሶች አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ቁጥር የሚጨምሩ ሲሆኑ ለአስቲግማቲዝም የተሠሩ አይደሉም። ስለዚህ የሲ.ዋይ.ኤልን ግማሽ ከዋናው ቁጥር ጋር መደመር የተለመደ ዘዴ ነው። የዚያች እህት ቀኝ ዓይን −3.00፣ ሲ.ዋይ.ኤሉ ደግሞ −1.00 ነበር፤ ሲደመር −3.50 ይሆናል። ግራዋ −2.50 ብቻ ስለሆነ እንዳለ ይወሰዳል። ውጤቱ በሁለት ቁጥሮች መካከል ካረፈ፣ ለምሳሌ −3.25 ቢመጣ፣ ዝቅ ያለውን −3.00 መውሰድ ይመከራል። ሲ.ዋይ.ኤልዎ ከ2 የሚበልጥ ከሆነ ወይም ዋናው ቁጥር ከፍ ያለ ከሆነ ግን ስሌቱን ለመነጽር ባለሙያው ይተዉለት። የጭምብል ሌንስ ከመነጽር ይልቅ ከዓይን ስለሚርቅ በትልልቅ ቁጥሮች ላይ ልዩነት ያመጣል።

ሱቅ ሲገቡ ቃሉ ወሳኝ ነው። «ነዛረት ሲባሓ» ካሉ የሚሰጥዎት ሁለት ዓይን ብቻ የሚሸፍነው የዋና መነጽር ነው። እሱም ቁጥር ያለው አለ፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል፤ በውሃው ገጽ ላይ ለሚቆይ ሰው ሊበቃ ይችላል። ግን አፍንጫን አይሸፍንም። ትንሽ ጠለቅ ሲሉ የውሃው ግፊት መነጽሩን ወደ ዓይንዎ ይጫነዋል፤ በአፍንጫ አየር ነፍተው ማመጣጠን አይችሉም። የሚፈልጉት አፍንጫን የሚሸፍነው «ነዛረት ገውስ» ነው። ቁጥር ያለው ሲሆን «ጢቢያ» የሚለውን ይጨምሩበት፦ «ነዛረት ገውስ ጢቢያ»። የሩቅ ዕይታ ችግር «ቀስር ነዘር» ይባላል፤ ቀኝ «የሚን»፣ ግራ «የሳር» ነው። ለአስቲግማቲዝም ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት «ላ ቡእሪያ» የሚል ያማረ ቃል ነበር፤ ሱቅ ውስጥ ስናገረው ሻጩ ዝም ብሎ አየኝ። «አስቲግማቲዝም» ቢሉ ይሻላል። መስታወቱም «ሙቀሳ» መሆኑን ይጠይቁ፤ በሙቀት የተጠናከረ ማለት ነው። ቢሰበር ስለት ባለው ስባሪ ፈንታ ወደ ትንንሽ እንክብል ይበተናል።

ምርጫው ጭምብሉ ሌንሱ የሚቀየር መሆኑ ላይ ያርፋል። ክሬሲ፣ ማሬስና ቱሳ በመሳሰሉት ዘንድ ቀኝና ግራው ተለያይቶ የተሠራ፣ ፋብሪካው ራሱ ባዘጋጀው ቁጥር የሚተካ ሞዴል አለ። እንደዚያች እህት የሁለቱ ዓይኖች ቁጥር ለሚለያይ ሰው ይህ ተመራጭ ነው። አንድ ወጥ መስታወት ያለው ጭምብል ላይ ሌንሱን መቀየር አይቻልም፤ ባለሙያ ከውስጥ በኩል ሌንስ ሊለጥፍበት ይችላል፤ ጊዜና ገንዘብ ግን ይወስዳል። ሌንሱ ከውጭ እንዲመጣ ማዘዝም ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ጅዳ ደርሰው ሳይሆን እዚሁ ሪያድ ሳሉ ይጨርሱ፤ ከአሠሪ ጋር የሚሄድ ሰው እዚያ ሱቅ ለሱቅ የሚዞርበት ሰዓት አያገኝም።

ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ነገር ይሞክሩ። ማሰሪያውን ሳያጠብቁ ጭምብሉን ፊትዎ ላይ ያድርጉና በአፍንጫዎ አየር ይሳቡ። እጅዎን ሲለቁ ካልወደቀና አየር ካላስገባ ለፊትዎ ይሆናል። ከዚያ በሱቁ በር ቆመው ማዶ ያለውን ማስታወቂያ፣ አንዱን ዓይን ሸፍነው በሌላው፣ ያንብቡ። ትክክለኛ የጭምብል ሌንስ በአየርም እንደ መነጽር ይሠራል፤ እዚያ ካላነበቡ ባሕር ውስጥም አያዩም።

«ኮንታክት ሌንስ አድርጌ ልግባ?» የሚሉ ብዙ ናቸው። የዓይን ሐኪሞች አይመክሩም። ውሃ ውስጥ የሚኖር አካንታሜባ የተባለ ጥቃቅን ተሕዋስ ከሌንሱ ሥር ገብቶ ኮርኒያን ሊያጠቃ ይችላል፤ ሕክምናው ረጅም ነው፣ ዕይታንም ሊያሳጣ ይችላል። የቧንቧ ውሃም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም። ከባሕር ወጥተው ዓይንዎ ቀልቶ፣ አሞዎት ብርሃን መቋቋም ካቃተዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተለመደው ፊትን በሙሉ የሚሸፍን ጭምብልም አለ። ሲታይ ምቹ ነው። ግን መነጽር ከሥሩ አይገባም፤ ለአንዳንዱ ውስጡ የሚገጠም የሌንስ ክፈፍ ለብቻው ይሸጣል። ርካሽ በሆኑት ላይ ደግሞ የተነፈሱት አየር በደንብ ሳይወጣ ተመልሶ ሊሳብ ይችላል፤ ውሃ ቢገባም እንደ ተራው ጭምብል ቶሎ አይወልቅም። ዋና በደንብ ለማይችል ሰው አልመክረውም። የትኛውም ጭምብል ቢሆን መዋኘት አያስተምርም፤ ካልቻሉ የሕይወት አድን ጃኬት ይልበሱና እግርዎ ከሚቆምበት አይለፉ።

አዲስ ጭምብል እንፋሎት ይይዛል፤ ከፋብሪካ የቀረ ስስ ሽፋን ስላለበት ነው። መስታወት ከሆነና ፀረ እንፋሎት ካልተቀባ የውስጡን ገጽ በጥርስ ሳሙና በጣትዎ አሽተው ያጠቡት። ፕላስቲክ ወይም የተለጠፈ ሌንስ ላይ ግን ይህን አያድርጉ፤ ይጫራል። ለእሱ ውሃ ከመግባትዎ በፊት አንድ ጠብታ የሕፃን ሻምፑ ቀብቶ በስሱ ማለቅለቅ ይበቃል። ከባሕር ሲወጡ በንጹሕ ውሃ ያጥቡትና በጥላ ያድርቁት። በበጋ የሪያድ ፀሐይ ውስጥ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ግን አይተዉት።

የማዘዣውን ወረቀት ፎቶ አንስተው ስልክዎ ላይ ያኑሩት። ዋናውን መነጽርዎንም በጠንካራ ማኅደሩ ከትተው ፎጣው ጋር ያስቀምጡት፤ ከውሃ ሲወጡ መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነው።