ጎማው ሲይዝ ምን ይሰበራል?

የኋላ አክስል ብዙ ጊዜ የሚሰበረው መኪናው ገና አንድ ሜትር እንኳ ሳይሄድ ነው። አሜሪካ ውስጥ የድራግ መወዳደሪያ ዳር ቆሞ ያየ ሰው ያውቀዋል። ቢጫዎቹ መብራቶች በርተው አረንጓዴው ሲመጣ ነጂው ፍሪሲዮኑን በድንገት ይለቃል፤ ከመኪናው ሥር ደረቅ «ጧ!» ይሰማል፤ ሞተሩ ብቻውን ይጮኻል። ሩብ ማይሉ፣ ማለትም 402 ሜትሩ፣ ለሌላ ቀን ይቀራል። ባለመኪናው በዚያው መኪና ሥራ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ይጠብቃል።

ይህ ምዕራፍ እንዲህ ሁለት ኑሮ ለሚኖር መኪና ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ አስፋልት፣ ቅዳሜ ውድድር። ምሳሌ የማደርገው ብዙ ወጣት አሜሪካዊ እጁን የፈታበትን የ1990 ፎርድ መስታንግ ነው፤ ሞተሩ 5.0 ሊትር፣ ካምቢዮው ባለ አምስት ማርሽ።

ከመኪናው ኋላ ሥር የምትታየው ድብልብል ብረት ዲፈረንሻሉ ነው። ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ ጥርስ አለች፤ እሷ ትልቁን ክብ ጥርስ ታዞራለች። የእኛ መካኒኮች ከጣሊያን በወረሱት ቃል ትንሿን ፒኞን፣ ትልቁን ኮሮና ይሏቸዋል፤ እኔም እንደነሱ እላለሁ። ከኮሮናው ግራና ቀኝ ወጥተው ጎማዎቹን የሚያዞሩት ሁለት ዘንጎች ናቸው አክስሎቹ።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። የዚህ መስታንግ ሞተር ከፍተኛ የመጠምዘዝ ጉልበት 407 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። አንደኛ ማርሹ ይህን በ3.35 ያባዛዋል። ኮሮናና ፒኞኑ 3.08 ከሆኑ (የኮሮናው ጥርስ ብዛት ለፒኞኑ ሲካፈል ማለት ነው) እንደገና ይባዛና አክስሎቹ ዘንድ ሲደርስ 4,200 ገደማ ይሆናል። ባለቤቱ መኪናው ፈጥኖ እንዲነሳ ብሎ 3.73 ካስገባ 5,090፣ 4.10 ካስገባ 5,590 ይደርሳል። ሞተሩ አልተነካም፤ የአክስሉ ሸክም ግን በሲሶ ጨመረ። ፍሪሲዮን በድንገት ሲለቀቅ የሚመጣው ምት ገና አልተቆጠረም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጉልበት ለምን ዕለት ዕለት አክስል አይሰብርም? ጎማው ስለሚንሸራተት ነው። ተራ የመንገድ ጎማ በቤት መብራት ቆጣሪ ላይ እንዳለ ፊውዝ ነው፤ ጉልበቱ ሲበዛ ጭስ አውጥቶ ይሽከረከራል፣ ብረቱን ያድናል። ለስላሳውን የውድድር ጎማ ሲያስሩ ፊውዙን አንስተው በሽቦ እንደመተካት ይቁጠሩት። ያኔ የሚቀጥለው ደካማ ነገር ነው የሚቃጠለው። ስለዚህ አክስል ሊያሻሽል የመጣን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳለው አይደለም፤ ምን ጎማ እንደሚያስር ነው። 500 የፈረስ ጉልበት በመንገድ ጎማ ላይ ለዓመታት ሲኖር፣ 300ው በጥሩ የውድድር ጎማና በባለ ፍሪሲዮን ካምቢዮ አክስል ሲቆርጥ ይታያል።

መስታንጉ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው አክስል (ዲፈረንሻሉና ዘንጎቹ አንድ ላይም እንዲሁ ይባላሉ) በኮሮናው ስፋት 8.8 ኢንች ይባላል። በሠፈሩ ደግሞ የሚወራለት የፎርድ 9 ኢንች ነው፤ ከ1957 እስከ 1986 በብዙ የፎርድ መኪናዎች ሥር የኖረ። ልዩነታቸውን በማስመሪያ ቢለኩት ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ዝናው ከዚያ አልመጣም። የ9 ኢንቹ ፒኞን ከጀርባውም በአንድ ተጨማሪ ኩሽኔታ ተደግፏል፤ ከ8.8ቱም ዝቅ ብሎ ስለሚገባ ጥርሶቹ ሰፋ አድርገው ይነካካሉ። ደግሞ መላ ዕቃው ከፊት በኩል ተፈትቶ እንዳለ ይወጣል፤ ውድድር ሜዳ ላይ ጥርስ ለሚቀይር ሰው ይህ በረከት ነው። ዋጋው ግን አለ። ፒኞኑ ዝቅ ባለ ቁጥር ጥርስ በጥርስ ላይ የሚንሸራተተው ይበዛል፤ ሰበቃው ከሞተሩ ጉልበት ጥቂት ይበላል፤ ክብደቱም ከፍ ያለ ነው። በወር አንዴ ለሚወዳደር ሰው 9 ኢንች ብዙውን ጊዜ ለስም የሚገዛ ይመስለኛል።

እኔ ባለ 8.8ቱን ሰው ያለህን አጠንክር እለዋለሁ። የመጀመሪያው ደካማ ቦታ ራሱ አክስሉ ነው፤ ጫፉ ላይ 28 ቀጫጭን ጥርሶች አሉት። ባለ 31 ጥርሱ ወፍራም ነው፤ የዘንግ ጥንካሬ ደግሞ ከውፍረቱ በላይ ነው የሚያድገው፤ በ10 በመቶ የወፈረ ዘንግ በሲሶ ይጠነክራል። ከ1995 እስከ 2001 የተሠራው ፎርድ ኤክስፕሎረር ይህንኑ 8.8 ከባለ 31 ጥርስ አክስልና ከዲስክ ፍሬን ጋር ይዞ ስለሚመጣ ከአሮጌ መኪና መሸጫ ፈትተው የሚወስዱት ብዙ ናቸው። ኤክስፕሎረሩ ግን ከመስታንጉ በተለየ በባሌስትራ ላይ የሚቀመጥ ነው፤ ስለዚህ አክስሉ መቆራረጥና መበየድ አለበት፤ ቸርኬውም ባለ አምስት ቡሎን ሲሆን የ1990 መስታንግ አራት ነው። ርካሽ መስሎ ገብቶ በበያጅ ሒሳብ የሚያስለቅሰው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ደካማ ቦታ ብዙ ሰው ያላሰበው ነው። 8.8ቱ ውስጥ አክስሉን የሚይዘው ጫፉ ላይ የገባች የፈረስ ኮቴ የምትመስል ቁራጭ ብረት ናት። አክስሉ ከሷ ወዲያ ከተሰበረ ጎማው ከነዘንጉ ተስቦ ሊወጣ ይችላል። የአሜሪካው የድራግ ማኅበር ኤንኤችአርኤ ሩብ ማይሉን በ10.99 ሰከንድና ከዚያ ባነሰ ለሚጨርስ መኪና ከፋብሪካ ያልመጣ ጠንካራ አክስልና የተለየ መያዣ የሚያዘው ለዚህ ነው። የ9 ኢንቹ አክስል ዱሮውንም ከጎማው በኩል ስለሚታሰር ይህ ጣጣ የለበትም፤ በእውነት የሚበልጥበት አንዱ ነገር ይህ ነው።

የጥርስ ምርጫው ላይ ስስት ይገባል። 4.10 በአነሳሱ ያስደስታል፤ ግን በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር በአውራ ጎዳና ሲሄዱ፣ 66 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው ጎማ፣ ሞተሩ በአምስተኛ ማርሽ 2,340 ጊዜ በደቂቃ ይዞራል፤ በ3.08 ቢሆን 1,760 ነበር። ይህ ይቻላል። አምስተኛ ማርሽ የሌለው የጥንት ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲክ ሲሆን ግን 3,440 ይሆናል፤ ሁለት ሰዓት ቢነዱት ጆሮ ይደነቁራል፣ ነዳጁም ይጠጣል። ለሁለት ኑሮ 3.73 ይበቃል ባይ ነኝ። የፍጥነት መቁጠሪያውን ማስተካከል አይርሱ፤ ከ3.08 ወደ 3.73 የሄደ መኪና ሰዓቱ በ21 በመቶ ይዋሻል፤ 100 ሲሄዱ 121 ይላል።

አሮጌ አክስል ሊገዙ ሲሄዱ የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ይጥረጉና ያንብቡ። ለምሳሌ ጥርሱ 3.73 ከሆነ፣ በ3 እና በ73 መካከል «ኤል» የምትለው የላቲን ፊደል ካለች ሁለቱን ጎማዎች አጋርቶ የሚያስነሳ ዓይነት ነው ማለት ነው። ሰሌዳው ከሌለ ሁለቱንም ጎማ ከመሬት አንስተው አንዱን በእጅ ያዙሩ፤ ሌላው አብሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞረ ያው ነው። ወደ ተቃራኒው ቢዞርም ተራ ነው ብለው አይማሉ፤ ውስጡ ያሉት የፍሪሲዮን ሳህኖች ያለቁበትም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱን አክስሎች ጨርሶ አንድ የሚያደርገውን ለመንገድ አልመክርም። መታጠፊያ ላይ ጎማው ይጮኻል፤ አክስሉም በየመንገዱ ጥምዝ ይበላል።

የቀረው የአገጣጠሙ ነገር ነው፤ በጣም ጥሩ ዕቃ በመጥፎ እጅ የሚሞተው እዚህ ነው። በኮሮናና በፒኞን መካከል የሚተወው ክፍተት ለ8.8 ከ0.2 እስከ 0.38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሁለት እስከ አራት ወረቀት ውፍረት። ሠሪው ጥቂት ጥርሶች ላይ ቢጫ ቅባት ይቀባል፣ ያዞራል፣ ቅባቱ የተነሳበትን ቅርጽ ያያል። አሻራው ጥርሱ መሃል ላይ ከሆነ ደህና፤ ወደ ጫፍ ወይም ወደ ሥር ከሸሸ ተፈትቶ ቀጫጭን የብረት ማስተካከያ ይገባል፣ እንደገና ይቀባል። ያን ቅባት ሳያሳይዎት «ጨርሻለሁ» የሚል ሠሪ ካገኙ ክፍያውን ያቆዩ።

አዲስ ጥርስ የመጀመሪያ ቀን ውድድር አይወሰድም። ረጋ ብለው ሃያ ደቂቃ ይንዱት፣ አቁመው ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ይተዉት፣ ሁለት ሦስቴ ይድገሙት። ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ዘይቱን ይቀይሩና ያወጡትን በነጭ ሳህን ላይ ዘርግተው በፀሐይ ይዩት። እንደ ብር ቀለም ብልጭ የሚል ደቃቅ ነገር የጥርሱ መላመድ ነው። በጣት የሚያዝ ስብርባሪ ካለ ግን ክዳኑን ይክፈቱት።