ስለ ከተማ መንገድና ስለ ሕዝብ መጠጋጋት

የሕዝብ መጠጋጋት ማለት በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ላይ የሚኖረው ሰው ብዛት ነው። ሕዝብ ተጠጋግቶ ሲኖር ገበያውም፥ ትምህርት ቤቱም፥ ሐኪም ቤቱም ለእግረኛ ይቀርባል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ በአንድ መንገድ የወጣ እንደ ሆነ፥ መንጋ በበረት በር ላይ እንደሚጋፋ መንገዱ ይጨናነቃል፤ ሥራ ይዘገያል፤ ሕፃናትና ሽማግሌዎችም በአውቶሞቢል ይጐዳሉ።

ብዙ ሰዎች የዚህ መድኃኒቱ መንገዱን ማስፋት ብቻ ይመስላቸዋል። ዳሩ ግን መንገዱ ሲሰፋ፥ መጨናነቁን ፈርቶ አውቶሞቢሉን በቤቱ አቁሞ የነበረው ሁሉ ይወጣል፤ ጥቂት ቈይቶም ሰፊው መንገድ እንደ ጠባቡ ይሞላል። ደግሞም በከተማ መካከል መንገድ ለማስፋት የሰው ቤት ማፍረስ ግድ ይሆናል።

በሆላንድ አገር በሰሜን በኩል ግሮኒንገን የምትባል መካከለኛ ከተማ አለች። ጥንታዊው መካከሏ በውሃ ቦይ የተከበበ ጠባብ ስፍራ ነው። በ1970 ዓመተ ምሕረት በመስከረም ወር (በፈረንጆች 1977) የከተማይቱ ሹማምንት ይህን ስፍራ በአራት ክፍል ከፈሉት። ከዚያ ወዲህ ባለ አውቶሞቢል ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በቀጥታ መሻገር አይችልም፤ ወደ ዳር ወጥቶ በዙሪያው መንገድ ዞሮ እንደ ገና ይገባል። እግረኛና ባለ ቢሲክሌት ግን በቀጥታ ያልፋሉ። ነጋዴዎች አስቀድመው ገበያችን ይጠፋል ብለው ተቃውመው ነበር። ከተማይቱ ግን ዛሬም የንግድ ስፍራ ናት፤ በውስጧ ከሚደረገውም የሕዝብ ጉዞ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው በቢሲክሌት ነው።

የነገሩ ምክንያት ይህ ነው። አንድ ሰው ብቻ የያዘ አውቶሞቢል የሚወስደው ስፍራ ለብዙ ባለ ቢሲክሌቶች ይበቃል። ስለዚህ ጐዳናው ሳይሰፋ፥ ቤትም ሳይፈርስ፥ የሚያልፈው ሰው ሊበዛ ይችላል። ለማለፍ ብቻ የሚመጣውም በዙሪያው መንገድ ስለሚሄድ፥ የመንደሩን ሰው አያውክም።

ዛሬ ትንሽ የሆነች መንደር ነገ አድጋ ከተማ ትሆናለች። ቤት ከተሠራ በኋላ መንገድ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የሩቅ መንገደኛ የሚያልፍበት ጐዳናና ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለሱበት መንገድ እንዲለያዩ፥ ሕዝቡ ሳይበዛ ገና ባዶ ሳለ ቦታውን መወሰን ይገባል።