ከፎርማት በፊት ቁጥሩን ያንብቡ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ከሚሞክረው ሰው ጥቂት የማይባለው መንገድ ላይ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ለሰዓታት ቆይቶ፣ ደጋግሞ ጠፍቶና በርቶ፣ መጨረሻ ላይ «አልተሳካም» ብሎ ወደ ድሮው ገጽ ይመለሳል። ባለቤቱ ደንግጦ ጥገና ቤት ይወስደዋል፤ እዚያም ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው መልስ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። የዚህ ምዕራፍ ሙግት ከዚህ መልስ ጋር ነው። የመጨረሻ አማራጭ መሆን የሚገባው ፎርማት የመጀመሪያ እየሆነ፣ ስንት የቤተሰብ ፎቶና ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ያለ ምክንያት ጠፍቷል።

አፕግሬዱ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ማወቅ ፍርሃቱን ያቀልለዋል። ሥራው አራት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው፣ የድሮው ዊንዶውስ እየሠራ ሳለ አዲሱ ይወርዳል፤ ኮምፒውተሩ ብቁ መሆኑም ይመረመራል። በሁለተኛው ኮምፒውተሩ በትንሽ ጊዜያዊ ስርዓት ይነሣና የድሮውን ወደ ጎን አድርጎ አዲሱን ያስቀምጣል። በሦስተኛው አዲሱ ዊንዶውስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሥቶ ድራይቨሮቹን፣ ማለትም ስክሪኑን፣ ዋይፋዩንና ድምፁን የሚያንቀሳቅሱትን ፕሮግራሞች ሥራ ያስጀምራል። በአራተኛው የቀሩትን ማስተካከያዎች ጨርሶ ኮምፒውተሩን ያስረክብዎታል። መሐል ላይ ከተሰናከለ ግን የነበረውን መልሶ ለመትከል ይሞክራል። ስለዚህ የድሮውን ገጽ ተመልሶ ሲያዩት አይደንግጡ፤ ፋይልዎን ለመጠበቅ የተሠራ ዘዴ ነው።

ምክንያቱን የሚናገረው መጨረሻ ላይ ብቅ የሚለው የስህተት ቁጥር ነው። ሰው ሁሉ ሳያነብ የሚዘጋውም እሱኑ ነው። በስልክዎ ፎቶ ያንሡት።

ቁጥሩ 80070070 ከሆነ ችግሩ የቦታ ጥበት ብቻ ነው። ዊንዶውስ ባለበት ዲስክ ላይ 20 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ቦታውን የሚበላው ብዙ ጊዜ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ የተከማቸው የቴሌግራም ቪዲዮ ነው፤ ወደ ሌላ ዲስክ አዛውረው እንደገና ይሞክሩ። 1900208 የሚል ካለበት ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር የማይስማማ ፕሮግራም ተጭኗል ማለት ነው። ያን ፕሮግራም ማራገፍ ይበቃል።

አስቸጋሪው 1900101 ነው። ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ጣቱን የሚቀስረው ድራይቨር ላይ ነው። አጠገቡ ሌላ ቁጥር ይከተለዋል፤ ለምሳሌ 30018። የዚህ የሁለተኛው ቁጥር የመጀመሪያ አኃዝ ሥራው የቆመበትን ደረጃ ይነግርዎታል፦ 2 ከሆነ በጊዜያዊው ስርዓት፣ 3 ከሆነ በመጀመሪያው መነሣት፣ 4 ከሆነ በመጨረሻው ደረጃ ላይ። መፍትሔው ትዕግሥት ይፈልጋል። ፕሪንተሩን፣ ፍላሹንና ኤክስተርናል ዲስኩን ይንቀሉ። ከሌላ ድርጅት የተጫነ አንቲቫይረስ ካለ ለጊዜው ያራግፉት። ከዚያ ድራይቨሮቹን ከኮምፒውተሩ አምራች ድረ ገጽ በሞዴሉ ስም ፈልገው ያድሱ። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ እጭናለሁ» የሚሉ ፕሮግራሞችን አልመክርም፤ የማይመጥን ድራይቨር አስገብተው ችግሩን ያወሳስቡታል።

1900200 ደግሞ ኮምፒውተሩ መስፈርቱን አያሟላም ይላል። ቢሆንም ወዲያው ተስፋ አይቁረጡ። ዊንዶውስ 11 ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደህንነት ክፍል ነው፤ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ክፍሉ እያለ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት በሚከፈተው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ ውስጥ፣ ተዘግቶ ይገኛል። ስሙ በኢንቴል ማሽኖች ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ኤፍቲፒኤም ነው። የፕሮሰሰሩ ዕድሜ ግን በሴቲንግ አይስተካከልም። ኢንቴል ከሆነ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዙ ሰዎች «ኮር አይ 5 ነው» ሲባሉ መርካት የለባቸውም፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር 7200 ከሆነ 7ኛ ትውልድ፣ 8250 ከሆነ 8ኛ ነው። መስፈርቱን አታልሎ የሚያስጭን ዘዴ መኖሩ እውነት ነው። ሆኖም ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ዊንዶውስ ቀጣይ ማሻሻያዎች ለመድረሳቸው ዋስትና አይሰጥም፤ ለሥራ ኮምፒውተር አይበጅም እላለሁ።

ባዮስ ከመንካትዎ በፊት ግን አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው መቆለፉን እንኳ አያውቅም። የቲፒኤምን ሴቲንግ ሲቀይሩ ኮምፒውተሩ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅዎ ይችላል፤ ቁጥሩ ከሌለ ፋይሉም የለም። ስለዚህ አስቀድመው ከማይክሮሶፍት አካውንትዎ ፈልገው በወረቀት ይጻፉት፣ ቢትሎከሩንም ለጊዜው ያቁሙት። ሴቲንጉን ከቀየሩ በኋላ ዊንዶውስ አልነሣ ካለ የቀየሩትን ወደነበረበት ይመልሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይነሣል።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ላፕቶፑን ባትሪው ሞልቶ፣ ዴስክቶፑን ከዩፒኤስ ጋር አገናኝተው ይጀምሩ። ፐርሰንቱ አንድ ቦታ ላይ ተገትሮ ቢቆይም የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እስካለ ድረስ ማጥፊያውን አይጫኑ። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ሰዓታት ይወስዳል።

ፎርማት የግድ ከሆነስ? ፋይልዎን በሌላ ዲስክ ገልብጠው፣ ከፍተውም ካረጋገጡ በኋላ ይሁን። በዚህ ጊዜ የአማርኛ ጸሐፊ የሚረሳው ፎንቱን ነው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የቆዩ ፕሮግራሞች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ ከሌለ በላቲን ፊደልና በምልክት ተበታትኖ ይታያል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ፎንቱን መልሰው ሲጭኑ አማርኛው ይመለሳል። ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንትም ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ በአማራጭነት የሚጫን ሆኗል፤ ሴቲንግ ውስጥ ካሉት አማራጭ ክፍሎች ያገኙታል።

አፕግሬዱ ተሳክቶ አዲሱን ካልወደዱት በ10 ቀን ውስጥ ከሴቲንግ፣ ሪከቨሪ ከሚለው ገብተው መመለስ ይችላሉ። ቦታ ለማስለቀቅ ብለው ዊንዶውስ ኦልድ የሚባለውን ፎልደር ካጠፉ ግን መመለሻው አብሮ ይጠፋል።

ጥገና ቤት መሄድ ካለብዎት የስህተት ቁጥሩን ፎቶ ይዘው ይሂዱ። ባለሙያው «ፎርማት እናድርገው» ሲሉዎት፣ ቁጥሩ ምን እንደሚል መጀመሪያ እንዲያስረዱዎት ይጠይቋቸው።