ሰዓት ሠሪው የቤተሰብ አባት

በዚህ ሳምንት የምናነበው የአንድ ሰዓት ሠሪ የሕይወት ታሪክ ነው። ስማቸው ሉዊ ማርቲን ይባላል። አገራቸው ፈረንሳይ ነው። በሃይማኖታቸው ካቶሊክ ነበሩ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አቶ ሉዊ ንጉሥ አልነበሩም። ጦር አልመሩም። በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ፣ ሃይማኖታቸውን የሚያከብሩ፣ ልጆች ያሳደጉ ሰው ነበሩ። ታዲያ ስለ እንዲህ ያለ ሰው ምን የሚነገር አለ? አለ እንጂ! አብረን እናንብብ።

ያልተከፈተው በር

አቶ ሉዊ የተወለዱት በ1823 ቦርዶ በምትባል ከተማ ነው። አባታቸው ወታደር ነበሩ፤ ማዕረጋቸውም ሻምበል ነበር። ኋላ ቤተሰቡ አላንሶን ወደምትባል ከተማ መጥቶ ተቀመጠ። ሉዊ በወጣትነታቸው የሰዓት ሥራ ተማሩ።

የሰዓት ሥራ ዓይንና ትዕግሥት ይጠይቃል። በሰዓት ሆድ ውስጥ የተጠቀለለ ሞላ አለ። ጥርስ ያላቸው ትንንሽ ክብ ብረቶችም አሉ። ሞላው ቀስ እያለ ሲፈታ ብረቶቹን ያዞራል። አንዲት ጥርስ ከታጠፈች ወይም አቧራ ከገባ ሰዓቱ ይቆማል። ሠሪው ሁሉንም አንድ በአንድ ይፈታል፤ ያጸዳል፤ ያቃናል፤ መልሶ ይገጥማል። የቸኮለ ሰው ሰዓት ያበላሻል እንጂ አይጠግንም።

ይሁንና የወጣቱ ሉዊ ልብ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። መመንኮስ ይፈልጉ ነበር። አልፕስ በሚባሉት ተራሮች ላይ የታላቁ ቅዱስ በርናርድ ገዳም አለ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ያልፋል። በረዶ ይበዛበታል። መነኮሳቱ በበረዶ የተያዘ መንገደኛ በማዳንና በማሳደር የታወቁ ናቸው። ሉዊ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ወደዚያ ወጥተው እንዲቀበሏቸው ለመኑ።

የገዳሙ አለቃ ላቲን ያውቁ እንደሆነ ጠየቋቸው። ላቲን ያን ጊዜ የካቶሊክ ካህናት የሚቀድሱበት ጥንታዊ ቋንቋ ነው። በእኛ አገር እንደ ግእዝ ማለት ነው። ሉዊ ላቲን አያውቁም። እንግዲያው ተምረው እንዲመጡ ተነገራቸው።

ወደ ቤት ተመልሰው ለመምህር ገንዘብ እየከፈሉ መማር ጀመሩ። ትምህርቱ ግን አልዘለቀም። ተዉት። የገዳሙም በር ሳይከፈትላቸው ቀረ።

ሉዊ በዚህ ተስፋ ቆርጠው አልተቀመጡም። ወደ ሙያቸው ተመለሱ። በ1850 አላንሶን ውስጥ የራሳቸውን የሰዓት ሱቅ ከፈቱ።

እሑድ የሚዘጋው ሱቅ

እሑድ እሑድ የገጠር ሰው ወደ ከተማ ይመጣል። ለሠርግ የሚሆን ቀለበትና ጌጥ የሚገዛውም በዚያው ቀን ነው። ሌሎች ነጋዴዎች ሱቃቸውን ይከፍታሉ። አቶ ሉዊ ግን እሑድ የእግዚአብሔር ቀን ነው ብለው ይዘጋሉ። ወዳጆቻቸው ገንዘቡ ወደ ሌላው ሱቅ እየሄደ መሆኑን እያነሡ መከሯቸው። የንስሐ አባታቸው እንኳ የጎኑን በር ከፍተው ቢሸጡ ኃጢአት እንደማይሆንባቸው ነገሯቸው። እሳቸው ግን እምቢ አሉ። በገበያ ለሚኖር ባለሙያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ሱቁ አልከሰረም።

በ1858 ወይዘሮ ዜሊ ጌራንን አገቡ። ሉዊ 34 ዓመታቸው፣ ዜሊ 26 ዓመታቸው ነበር። ዜሊም በወጣትነታቸው መነኩሲት ለመሆን ጠይቀው አልተቀበሏቸውም ነበር።

ወይዘሮ ዜሊ ዳንቴል ሠሪ ነበሩ። የአላንሶን ዳንቴል በመርፌና በቀጭን ክር የሚሠራ ነው። የጣት ጥፍር የምታህል ዳንቴል ሰባት ሰዓት ያህል ትፈጃለች። ዜሊ ለብዙ ሴቶች ሥራ እየሰጡ፣ የተሠራውን ራሳቸው እየገጣጠሙ ይሸጡ ነበር። ሥራው እየሰፋ ሄደ። በ1870 አቶ ሉዊ የሰዓት ሱቃቸውን ለእኅታቸው ልጅ ሸጡ። ከዚያ በኋላ የሚስታቸውን ሥራ ይረዱ ጀመር። ባል የሚስት ረዳት ሲሆን አያሳፍርም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። እሳቸው ግን አላፈሩበትም።

በቤታቸው ዘጠኝ ልጆች ተወለዱ። አራቱ በልጅነታቸው ሞቱ። ሁለቱ ወንዶች ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። አንዲት ሴት ልጅ በተወለደች በጥቂት ሳምንት ሞተች። ኤሌን የምትባለው ደግሞ በአምስት ዓመቷ አረፈች። በዚያ ዘመን ለሕፃናት በሽታ የሚሆኑት ክትባቶችና መድኃኒቶች አብዛኞቹ ገና አልተገኙም ነበር። በፈረንሳይም ሕፃናት እንደ ቅጠል ይረግፉ ነበር።

በ1877 ደግሞ ሌላ መከራ መጣ። ወይዘሮ ዜሊ በጡት ካንሰር ሞቱ። አምስት ሴቶች ልጆች ያለ እናት ቀሩ። ታላቂቱ 17 ዓመቷ፣ ታናሺቱ ቴሬዝ 4 ዓመቷ ነበር። አቶ ሉዊ ሌላ ሚስት አላገቡም። ልጆቹ አክስት አጠገብ እንዲያድጉ ብለው የሚወዱትን ከተማና ወዳጆቻቸውን ትተው፣ የዜሊ ወንድም ወደሚኖሩበት ወደ ሊዝዩ ከተማ ሄዱ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ 54 ነበር።

አባት ሲታመም

ልጆቹ አደጉ። በ1882 ፖሊን መነነች። በ1886 ማሪ ተከተለች። በ1887 ደግሞ ታናሺቱ ቴሬዝ በአትክልቱ ቦታ አባቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ እያለቀሰች፣ እሷም ገዳም መግባት እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። አባት ሁሉ የመጨረሻ ልጁን ይሳሳላታል። አቶ ሉዊም አለቀሱ። ግን አልከለከሏትም። ከግንቡ ሥር አንዲት ትንሽ ነጭ አበባ ነቅለው ሰጧት። በ1888 ቴሬዝ በ15 ዓመቷ ገዳም ገባች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከሁሉ የከበደ ነው። አቶ ሉዊ በ1887 የአንጎል ደም ሥር በሽታ መትቷቸው ነበር። በሽታው ተመላለሰባቸው። አእምሯቸው መሳት ጀመረ። በ1888 ከቤት ወጥተው ጠፉ። ልጆቹ በጭንቀት ሲፈልጉ ሰነበቱ። ከአራት ቀን በኋላ ራቅ ባለች የባሕር ወደብ ከተማ ተገኙ። በ1889 ካን ከተማ ወዳለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተወሰዱ። እዚያም ሦስት ዓመት ኖሩ።

ሰው ምን አለ? መቼም የሰው አፍ ዝም አይልም። አባትዬው ያበዱት ልጆቻቸው ጥለዋቸው ገዳም ስለገቡ ነው እያለ አማቸው። ልጆቹ ይህን እየሰሙ ተቃጠሉ። ግን አባታቸውን አልሸሸጉም፤ አልካዱም። ሴሊንና ሊዮኒ አባታቸውን ለመጠየቅ ብለው ካን ሄደው ለወራት ተቀመጡ። በ1892 አቶ ሉዊ እግራቸው ሽባ ሆኖ ወደ ቤት ተመለሱ። ሴሊን እስከ መጨረሻው ቀን አስታመመቻቸው። በ1894 ሐምሌ ወር 71 ዓመት ሊሞላቸው ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀራቸው አረፉ። ያስታመመቻቸው ሴሊን ገዳም የገባችው ከዚያ በኋላ ነው።

ቴሬዝ በ24 ዓመቷ በ1897 ሞተች። የጻፈችው የሕይወቷ ታሪክ በብዙ ቋንቋ ተነበበ። በ1925 ቅድስት ተባለች። ወላጆቿ ደግሞ በ2015 በሮም ከተማ በአንድ ቀን ቅዱሳን ተባሉ። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ባልና ሚስት አብረው ቅዱሳን ሲባሉ እነሱ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ያከበረቻቸው በሱቅ፣ በመርፌና በልጆች መካከል የኖሩትን ሕይወት ነው።

አንባቢያን ሆይ፣ «ሙያ በልብ ነው» ይባላል። የአቶ ሉዊ ሙያም ሰዓት በመጠገን ብቻ አላበቃም። የተመኙት ሲቀር ያገኙትን በቅንነት ሠሩ። ሲታመሙ ደግሞ ልጆቻቸው አላፈሩባቸውም። እስኪ እናስተውል፤ በየቀበሌያችን አእምሯቸውን የታመሙ አባትና እናት አሉ። አንዳንዱ ቤተሰብ ከእንግዳ ዓይን ይሸሽጋቸዋል። አንዳንዱም እርግማን ነው ይላል። በሽታ ግን በሽታ ነው፤ የአእምሮም ቢሆን። የታመመ ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰውም ያስፈልገዋል። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለትና ተወያዩበት።