በአረጋውያን ታካሚዎች ላይ ጭንቀት እንዴት ይለካል?

ሆስፒታል የተኙ አረጋውያን ሲጨነቁ «የዕድሜ ነገር ነው» ብሎ ማለፍ የተለመደ ስህተት ነው። ጭንቀት የእርጅና ግዴታ አይደለም፤ ይለካል፣ ይታከማልም።

ልኬቱን የሚያከብደው የምልክቶች መመሳሰል ነው። የልብ ምት መፍጠን፣ የትንፋሽ ማጠርና እንቅልፍ ማጣት ከጭንቀትም፣ ከልብ ድካምም፣ ከመድኃኒትም ሊመጡ ይችላሉ።

በሥራ ላይ ከዋሉት መጠይቆች ሦስቱ፦

1. ሀድስ (HADS)፦ በ1983 እ.ኤ.አ. ለሆስፒታል ታካሚዎች ተዘጋጀ። ከ14 ጥያቄዎቹ 7ቱ ስለ ጭንቀት፣ 7ቱ ስለ ድባቴ ናቸው። አካላዊ ምልክቶችን ሆን ብሎ ይተዋል። የጭንቀት ነጥቡ እስከ 21 ይደርሳል፤ 8–10 አጠራጣሪ፣ 11ና ከዚያ በላይ ትኩረት የሚሻ ነው።

2. ጂኤአይ (GAI)፦ በ2007 እ.ኤ.አ. ለአረጋውያን ተብሎ ወጣ። 20 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ መልሱ «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» ብቻ ስለሆነ አያደክምም።

3. ሬይድ (RAID)፦ የመርሳት በሽታ ላለባቸው ነው። መረጃው ከታካሚው ብቻ ሳይሆን ከአስታማሚውም ይሰበሰባል።

ከመጠይቁ በፊት ድንገተኛ የአእምሮ መደናገር መኖሩ ይጣራል። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የጀመረና ከፍ ዝቅ የሚል መደናገር ካለ መልሱ አያስተማምንም፤ መንስኤው በአስቸኳይ ይፈለጋል።

አጠያየቁም ውጤቱን ይለውጣል። መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ ይደረጋል፤ ጥያቄው ቀስ ተብሎ ይነበባል። ልጆች አልጋው ዙሪያ ቆመው «ደህና ነኝ» ያሉ እናት፣ ለብቻቸው ሲጠየቁ «ሌሊት ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ሊሉ ይችላሉ።

ከፍተኛ ነጥብ በራሱ ምርመራ አይደለም፤ የሐኪም ቃለ መጠይቅ መከተል እንዳለበት ያመለክታል።