በማክ ፕሮግራሞች የኦቶ ሌይአውት ብልሽቶችና የመፈለጊያ ስልታቸው

ኦቶ ሌይአውት አፕል በ2011 እ.ኤ.አ. ከማክ ኦኤስ ኤክስ ላየን ጋር ያቀረበው የአቀማመጥ ሥርዓት ሲሆን፣ ፕሮግራመሩ በመስኮት ውስጥ ያሉትን ቁልፎችና የጽሑፍ ሳጥኖች ቦታና መጠን በቁጥር ከመወሰን ይልቅ ዝምድናቸውን ብቻ ገልጾ ስሌቱን ለሥርዓቱ ይተዋል። «ይህ ቁልፍ ከመስኮቱ ጠርዝ 20 ነጥብ ይራቅ» የሚለውን የመሰለ ዝምድና ገደብ ይባላል፤ ገደቦቹም እንደ ሒሳብ እኩልዮሽ ተቆጥረው፣ ግሬግ ባድሮስ፣ አለን ቦርኒንግና ፒተር ስታኪ በቀመሩት ካሶዋሪ በተባለ ስልት በአንድነት ይፈታሉ። ስለዚህ ብልሽት ሲታይ መመርመር ያለበት የተዛባው ቁልፍ ብቻ ሳይሆን ቁልፉ የሚገኝበት የእኩልዮሽ ስብስብ በሙሉ ነው።

የመጀመሪያው ብልሽት ግጭት ነው። እያንዳንዱ ገደብ ከ1 እስከ 1000 የሚደርስ የቅድሚያ ደረጃ ሲኖረው፣ 1000 የግድ መከበር ያለበትን ያመለክታል፤ ሁለት የግድ ገደቦች ከተቃረኑ ሥርዓቱ አንዱን ጥሎ የተጋጩትን ዝርዝር በኮንሶል ላይ ይጽፋል። የተጣለው ገደብ ግን ጥፋተኛው ላይሆን ስለሚችል እሱን ብቻ መሰረዝ ችግሩን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራል። በዝርዝሩ ውስጥ ፕሮግራመሩ ያልጻፈው፣ ኦቶሪሳይዚንግ ማስክ የሚል ስም ያለው ገደብ ከተገኘ፣ በኮድ የተፈጠረ ቪው (በመስኮቱ ውስጥ ያለ እንደ ቁልፍ ያለ ክፍል) የቀድሞው ዘመን የመጠን ደንቡ በራሱ ወደ ገደብ እንዲለወጥ የሚያደርገው ቅንብር አልተዘጋም ማለት ነው፤ እጅግ የተለመደው መንስኤም ይኸው ነው።

ሁለተኛው አሻሚነት ሲሆን፣ ገደቦቹ ስለሚያንሱ ወይም የሚቃረኑት ቅድሚያቸው እኩል ስለሆነ ከአንድ በላይ መልስ ይኖራል። ኮንሶሉ ምንም ስለማይናገር ከግጭት ይልቅ አደገኛ ነው። ለምሳሌ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የጽሑፍ መለያዎች ከመስኮቱ ግራና ቀኝ ጠርዝ ጋር ቢታሰሩና ከይዘታቸው በላይ ላለመለጠጥ ያላቸው ቅድሚያ የሁለቱም 250 ቢሆን፣ ትርፉን ቦታ ማን እንደሚወስድ የሚወስን ነገር የለም፤ የአንዱን ወደ 251 ማሳደግ ይበቃል። ይህን ለማረጋገጥ በማክ ላይ ሃዝ አምቢጉዌስ ሌይአውት የተባለውን ባሕርይ መጠየቅ፣ ቪዥዋላይዝ ኮንስትሬይንትስ በተባለው ትእዛዝም ገደቦቹን በመስኮቱ ላይ አስሥሎ ማየት ይቻላል።

በዴስክቶፕ ላይ ደግሞ መስኮቱ ራሱ የስሌቱ ተካፋይ ነው። መስኮት መጠኑን ጠብቆ የሚቆይበት ቅድሚያ 500 ሲሆን፣ ጽሑፍ እንዳይቆረጥ የሚከላከለው ቅድሚያ በተለምዶ 750 ነው፤ ስለዚህ ረጅም ጽሑፍ ሲገባ መስኮቱ በራሱ ይሰፋል፣ ተጠቃሚው ሊያጠበው ቢሞክርም እምቢ ይላል። ብዙዎች ይህን የሥርዓቱ ስህተት አድርገው ይወስዱታል፤ ይሁንና ሥርዓቱ የታዘዘውን ቁጥር እየፈጸመ ነው፣ መፍትሔውም የጽሑፉን ቅድሚያ ከ500 በታች ማውረድ ነው።