ሽቦው ርካሽ፣ ወረቀቱ ውድ

አሜሪካ ውስጥ የግል ትንሽ አውሮፕላን ያለው ሰው በየ12 ወሩ ለዓመታዊ ፍተሻ ያስገባዋል። ኮፈኑ ተነሥቶ ሞተሩ ሲታይ መካኒኩ ደጋግሞ ከሚያነሣቸው ጉዳዮች አንዱ የሞተር መቆጣጠሪያ ኬብል ነው፤ «ጠጥሯል፣ ቢቀየር ይሻላል» ይላል። ባለቤቱ ዋጋ ሲጠይቅ ይደነግጣል። በብረት ቱቦ ውስጥ ያለፈ ሽቦ ለሚመስል ዕቃ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠየቃል፤ የእጅ ዋጋው ገና አልተነሣም።

ሻጩን በስግብግብነት መክሰስ ቀላል ነው። ሒሳቡ ሲዘረዘር ግን አብዛኛው ገንዘብ ለሽቦው ሳይሆን ለማረጋገጫው የሚከፈል ሆኖ ይገኛል። ማረጋገጫው ደግሞ ከንቱ ወረቀት አይደለም፤ ገበያው በራሱ የማይሠራውን ሥራ ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ዋጋው ከልክ ሲያልፍ ነው። ያኔ ለደኅንነት ተብሎ የወጣው ደንብ ያረጀው ኬብል ከነድካሙ ባለበት እንዲቆይ ምክንያት ይሆናል።

መጀመሪያ ዕቃውን ጠጋ ብለን እንየው። ሴስና 172ን እንውሰድ፤ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከ44,000 በላይ የተመረተ አውሮፕላን ነው። ከአብራሪው ፊት ሁለት እጀታዎች ይታያሉ። ጥቁሩ የሞተሩን ጉልበት ይጨምራል፣ ይቀንሳል፤ ቀዩ የነዳጅና የአየሩን ድብልቅ ያስተካክላል። የፕሮፔለሩን አንግል መቀየር በሚቻልባቸው ሌሎች አውሮፕላኖች ላይ ሰማያዊ ይጨመራል። ከእያንዳንዱ እጀታ ጀርባ የሚነሣው የብረት ሽቦ፣ እንደ ስፕሪንግ በተጠመጠመ የብረት ሽፋን ውስጥ ሆኖ፣ አብራሪውን ከሞተሩ የሚለየውን የእሳት መከላከያ ግድግዳ አልፎ ካርቡሬተሩ ላይ ካለው ትንሽ ክንድ ጋር ይታሰራል። መንገዱ ሙቀት የበዛበት ነው። ግራሶው ይደርቃል፣ አቧራ ይገባል፣ ሽቦው ሽፋኑን፣ ሽፋኑም ሽቦውን እየፋቀ ይበላላሉ።

መካኒኩ ይህን የሚያረጋግጥበት ዘዴ ቀላል ነው። እጀታውን እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ካርቡሬተሩ ጋ ያለው ክንድ መቆሚያውን መንካት ያለበት እጀታው ዳሽቦርዱን ከመንካቱ በፊት ነው፤ በእጀታውና በዳሽቦርዱ መካከል ጠባብ ክፍተት መቅረት አለበት። እጀታው ቀድሞ ዳሽቦርዱ ላይ ካረፈ ግን አብራሪው ሙሉ ጉልበት ሰጠሁ ብሎ ሲያምን ሞተሩ ሙሉውን ላያገኝ ይችላል። ኬብሉ በበረራ ላይ ቢለያይ ደግሞ አብራሪው እጀታውን ቢገፋም ቢስብም ሞተሩ አይሰማውም።

የተሻሻሉት ኬብሎች ይህንኑ ድካም ለማቃለል የተሠሩ ናቸው፤ የሽፋኑ ውስጥ በሚያንሸራትት ፕላስቲክ ይለበጣል፣ ጫፎቹም ቆሻሻ እንዳይገባባቸው ይዘጋሉ። በእጀታው መዞር ጉልበቱን በጥቂት በጥቂቱ ማስተካከል የሚቻልባቸውም አሉ። በካንሳስ ግዛት ባልድዊን ሲቲ የሚገኘው ማክፋርሌን አቪዬሽን በዚህ ገበያ ስማቸው ከሚጠቀስ አምራቾች አንዱ ነው።

እንዲህ ያለ ኬብል ፋብሪካ ስለሠራው ብቻ አውሮፕላን ላይ አይገጠምም። አውሮፕላኑን የሠራው ኩባንያ ያልሆነ አምራች፣ ከአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ፒኤምኤ የተባለውን የመለዋወጫ አምራችነት ፈቃድ ማግኘት አለበት። ዲዛይኑ ደንቡን እንደሚያሟላ ያሳያል፤ ሁሌም አንድ ዓይነት ዕቃ የሚያወጣ የጥራት ሥርዓት እንዳለው ያስመሰክራል፤ በየትኛው ሞዴል ላይ እንደሚገጠምም ይገለጻል። መግጠሙም የባለሙያ ሥራ ነው። የአብራሪነት ፈቃድ ያለው ባለቤት ዘይትና ጎማ በራሱ መቀየር ሲፈቀድለት፣ የሞተር መቆጣጠሪያ ኬብል ግን ለባለቤቱ ከተፈቀዱት ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ፈቃድ ያለው መካኒክ መቀየርና በመዝገቡ ላይ መፈረም አለበት።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? መርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የገዛ ሰው መልሱን ያውቀዋል። «ኦሪጅናል ነው» ይባላል፣ ካርቶኑም ያምራል፤ ዕቃው ግን ተገጥሞ ካልሠራ በቀር አይታወቅም። ገዢው መለየት ስለማይችል ለኦሪጅናሉ ሙሉ ዋጋ ለመክፈል ያመነታል፤ ኦሪጅናል የሚያስመጣው ነጋዴም ስለማያዋጣው ቀስ በቀስ ከገበያው ይወጣል። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ በአሮጌ መኪኖች ገበያ አስረድቷል፤ በ2001ም ለኖቤል ሽልማት ከበቁት አንዱ ሆኗል። መኪና ሲበላሽ ግን መንገድ ዳር ይቆማል። አውሮፕላን ያ ዕድል ስለሌለው ጥራቱን አስቀድሞ የሚያረጋግጥ ሦስተኛ ወገን ያስፈልጋል።

ሆኖም ማረጋገጫ ቋሚ ወጪ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ለአንድ የኬብል ዓይነት ፈቃዱና ሙከራው በድምሩ 60,000 ዶላር ፈጀ እንበል። ገዢዎቹ 6,000 ከሆኑ እያንዳንዱ ኬብል ላይ የሚጨመረው 10 ዶላር ነው። 60 ከሆኑ ግን 1,000 ዶላር ይደርሳል። ሽቦው ያው ሽቦ ነው፤ የተለየው ወጪውን የሚካፈለው ሰው ብዛት ነው። የሴስና 172 ባለቤት መለዋወጫ በቀላሉ ሲያገኝ፣ በጥቂት መቶ ብቻ የተመረተ አውሮፕላን ያለው ጎረቤቱ የሚቸገረው ለዚህ ነው። አውሮፕላን የሚገዛ ሰው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የመለዋወጫ ገበያውንም አብሮ እየገዛ መሆኑን ቢያስብ አይጎዳም።

ሌላው የዋጋ ምንጭ ፍርድ ቤት ነው። በ1978 የአሜሪካ ፋብሪካዎች 17,811 የጠቅላላ አቪዬሽን አውሮፕላኖችን አስረክበው ነበር። በ1994 ያስረከቡት 928 ብቻ ነው። የኢኮኖሚ መቀዛቀዝም ድርሻ ነበረው፤ አምራቾቹ አብዝተው ያማረሩት ግን በካሳ ክስና በመድን ወጪ ነበር። ሴስና በ1986 የፒስተን ሞተር አውሮፕላኖቹን ማምረት አቆመ። በነሐሴ 1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ሕግ፣ ከ20 ያነሰ የመንገደኛ መቀመጫ ላላቸውና በመደበኛ የመንገደኛ አገልግሎት ላይ ላልተሰማሩ አውሮፕላኖች፣ ጥቂት ሁኔታዎች ሲቀሩ፣ አምራቹ የሚከሰስበትን ጊዜ በ18 ዓመት ገደበ። ሴስናም በካንሳስ ኢንዲፔንደንስ ከተማ አዲስ ፋብሪካ ከፍቶ ወደ ምርቱ ተመለሰ።

ይሁንና በዚሁ ሕግ ለተለወጠ ዕቃ የ18 ዓመቱ ቆጠራ እንደገና ይጀምራል። አውሮፕላኑ ከ40 ዓመት በላይ ቢሆነውና ዋናው ፋብሪካ ከክስ ቢድንም፣ ዛሬ አዲስ ኬብል የሸጠው አምራች በዚያ ኬብል ምክንያት ለሚመጣ ጉዳት ለሚቀጥሉት 18 ዓመታት ሊጠየቅ ይችላል። ይህን ሥጋት ዛሬ ዋጋው ውስጥ ካላስገባ ነገ ከኪሱ ይከፍላል።

ታዲያ ባለቤቱ ምን ያድርግ? ለስሌት ያህል ኬብሉ 300 ዶላር፣ ሥራው 6 ሰዓት፣ የሰዓቱ የእጅ ዋጋ 120 ዶላር ይሁን። የእጅ ዋጋው ብቻ 720፣ ድምሩ 1,020 ዶላር ይሆናል። በ200 ዶላር የሚሸጥ ደካማ ኬብል ቢመረጥ የሚተርፈው ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ አይሞላም። ያ ኬብል ግማሽ ዕድሜ ብቻ ካገለገለ 720ው እንደገና ይከፈላል። ስለዚህ ውድ በሆነው የእጅ ሥራ ላይ ርካሽ ዕቃ መግጠም ቁጠባ አይባልም።

ትርፉ ያለው ጊዜውን በመምረጥ ላይ ነው። በዓመታዊው ፍተሻ ኮፈኑ ስለተነሣ ከስድስቱ ሰዓት የተወሰነው አስቀድሞ ተከፍሎበታል። የቀዩና የጥቁሩ እጀታ ኬብሎች አጠገብ ለአጠገብ ስለሚያልፉ፣ ሁለቱም የመድከም ምልክት ካሳዩ አንድ ላይ መቀየሩ ያዋጣል። ደንቡ ባለቤቱ በመካኒኩ ቁጥጥር ሥር እንዲያግዝ ስለሚፈቅድ፣ መቀመጫና ሽፋን የማውጣቱን ሥራ ራሱ ከሠራ የእጅ ዋጋው ይቀንሳል። ፍተሻውን ያለፈ ጤነኛ ኬብል ግን አዲስ ሞዴል ወጣ ተብሎ ብቻ አይነቀልም።

የተቆጣጣሪው የቤት ሥራ ይከብዳል። ግለሰቦች ራሳቸው ለሠሯቸው «ኤክስፐርመንታል» አውሮፕላኖች ፒኤምኤ አይጠየቅም፤ ባለቤቱ የወደደውን ኬብል መርጦ ይገጥማል። የደኅንነት ጥቅም ያላቸው አዳዲስ ዕቃዎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ እዚያ የሚታዩት ለዚህ ነው። በ2016 ለኤክስፐርመንታል ገበያ የተሠራ አንድ የዳይነን ኩባንያ ኤሌክትሮኒክ የበረራ መሣሪያ ኢኤኤ በተባለው የኤክስፐርመንታል አውሮፕላን ማኅበር አማካይነት በሴስና 172 ላይ እንዲገጠም ሲፈቀድ፣ የፈቃዱ ሸክም እንደ ዕቃው አደጋ መጠን ሊለካ እንደሚችል ታይቷል። በ2025 የወጣው «ሞዛይክ» የተባለው ደንብ ደግሞ ቀለል ያለ ፈቃድ ያላቸው አብራሪዎች ሴስና 172ን የመሰሉ አውሮፕላኖችን እንዲያበሩ በር ከፍቷል። የእነዚህን አሮጌ አውሮፕላኖች መለዋወጫ ግን ከፈቃድ ነጻ አላወጣም። አብራሪዎች ቢጨምሩና ብዙ ቢበሩ የኬብል ገዢም ይበዛል፤ ቋሚው ወጪም በብዙ ሰው ይከፈላል።

የሞተር መቆጣጠሪያ ኬብል እንደ ተጨማሪ መሣሪያ ፍተሻው የሚላላለት ዕቃ አይደለም፤ ከተበጠሰ ምትክ የለውም። ማቅለል የሚቻለው ድግግሞሹን ነው። በአንድ ሞዴል ላይ የተፈቀደ ተመሳሳይ ኬብል ርዝመቱ ብቻ ሲለይ ሙሉውን ሒደት ከዜሮ ባያስጀምር፣ የሙከራው ውጤት ከሞዴል ሞዴል ቢሸጋገር፣ የ60ዎቹ ገዢዎች ዋጋ ወደ 6,000ዎቹ ይጠጋል። መካኒኩ «ቢቀየር ይሻላል» ሲልም «ለከርሞ እናየዋለን» የሚል ባለቤት ይቀንሳል።